ጦስኝና የደጋ መዓዛ፦ ጥያቄና መልስ

ጦስኝ እያደረቅሁና ዘይቱን እያወጣሁ ዓመታት ስላሳለፍኩ፣ ስለ መዓዛው የምትጠይቁትን እንድትልኩልኝ ጋብዤ ነበር። ከደረሱኝ መካከል እነዚህን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰሜን ሸዋ፣ ጣርማ በር ተራራ ላይ ከመኪና ስወርድ የሚቀበለኝ መዓዛ፣ ከተማ ገብቼ በምገዛው ጦስኝ ላይ የለም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ጦስኝ መዓዛውን የሚያኖረው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ፣ በዓይን ለማየት በሚያዳግቱ የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። ተራራው ላይ እግርዎ ሲረግጠው ወይም በግ ሲግጠው ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፤ አየሩም ቀዝቃዛና ንጹሕ በመሆኑ ከመዓዛው ጋር የሚሻማ ሌላ ሽታ እምብዛም የለም። ለገበያ የሚቀርበው ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ስለሆነ፣ ዘይቱ ገዢ ሳያገኝ ተንኖ ያልቃል። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር በስሱ ተዘርግቶ የደረቀው አረንጓዴነቱን አይለቅም። ሲገዙ ሁለት ሦስት ቅጠል በጣትዎ አሽተው ያሽትቱ፤ መዓዛው ጣትዎ ላይ ካልቀረ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የባሌውና የመንዙ ጦስኝ መዓዛቸው ለምን ይለያያል?

መልስ፦ በደጋችን የሚበቅሉት ቲመስ ሽምፔሪና ቲመስ ሴሩላተስ የተባሉ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። በዘይታቸው ውስጥ ጎልተው የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ መዓዛ ሰጪ ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ፣ መጠናቸው እንደ ዝርያው ብቻ ሳይሆን እንደ ቦታውም ይለያያል። ቲሞል ሲያይል መዓዛው ወደ መድኃኒት ቤት ሽታ ያዘነብላል፤ እኔ በበኩሌ ለዘብ ያለውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዘይቱን እንደ ሽቶ አንገቴን ልቀባው?

መልስ፦ በፍጹም። ንጹሕ የጦስኝ ዘይት ቆዳ ያቃጥላል። በ100 ሚሊ ሊትር የወይራ ወይም የኑግ ዘይት ውስጥ ከ1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከ20 ጠብታ ገደማ አይለፍ፤ ያንንም አስቀድመው ክንድዎ ላይ በጥቂቱ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ጋቢዬ ላይ ያደረግሁት የጦስኝ ዘይት መዓዛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠፋ።

መልስ፦ የቅጠል መዓዛ በፍጥነት ስለሚተን ረግቶ የሚይዘው ሌላ መዓዛ ይፈልጋል። ለዚህ ከጥድ የተሻለ አላገኘሁም፤ የእንጨቱ ዘይት ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይወጣል። ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ከአናጢ ቤት የጥድ ሰጋቱራ ወስደው በአልኮል ለጥቂት ሳምንታት ይዘፍዝፉት፣ ያጥልሉት፣ ከዚያም ጥቂት የጦስኝ ዘይት ይጨምሩበት። ቀለሙ ነጭ ልብስ ስለሚያበላሽ (የራሴን ነጠላ ያጣሁት በዚህ ነው) ቁራጭ ጨርቅ ላይ ያድርጉትና ጨርቁን በሳጥን ውስጥ ከልብሱ ለይተው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ለሻይ ማፍላት ነው ወይስ መዘፍዘፍ?

መልስ፦ የፈላ ውኃ ያፍስሱበትና ወዲያው ይክደኑት። ወጥ ቤቱን ያወደው መዓዛ ከስኒው የጎደለው ነው።

ጥያቄ፦ ጦስኝ ከተራራው እየጠፋ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ግንዱ አጭርና እንጨታማ ስለሆነ፣ ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው ቀንበጡን በመቁረጥ ፈንታ ከነሥሩ ይነቅለዋል፤ በብርድ አገር ደግሞ እንደገና ለመተካት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሥሩ አፈር እንደያዘ የሚሸጥ ጦስኝ እኔ አልገዛም፤ ሻጩንም ለምን እንዳልገዛሁ ነግሬው እሄዳለሁ።