«ልባችሁን አንሡ» ሲባል ልባችን የት ነበር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ የእህል ሱቅ አለችኝ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከከተማው ወጥተን ስንመለስ ሱቁ ባዶውን ጠበቀን። በኋላ ሚዛኔን የራሴ ዘመድ ቤት አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን እወጣለሁ። እዚያ አልቅሼ ቀሎኝ እመለሳለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ነኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ስልኬን ከፍቼ ስለ ጦርነት የሚወራውን ሁሉ አያለሁ። ሌሊት ደግሞ ያ ሰው ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። «በላይ ያለውን አስቡ» የሚለው ቃል ለመነኮሳት ነው ወይስ እንደኔ ላለችውም? ሰውስ በእውነት ይለወጣል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኛ ወሎዎች እንደምንባባለው፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ሰው ይለወጣል። አንቺም ትለወጫለሽ።

ቃሉ ለገዳም ብቻ አልተጻፈም። ቅዱስ ጳውሎስ የጻፈው ለቆላስይስ ምእመናን ነው። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ፣ ጌታና አገልጋይ ለሚኖሩባት ቤተ ክርስቲያን። ራሱም የጻፈው ታስሮ ነው፤ መጨረሻ ላይ «እስራቴን አስቡ» ይላል። «በላይ ያለውን አስቡ እንጂ በምድር ያለውን አይደለም» ካለ በኋላ በዚያው ምዕራፍ 3 ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ። ወደ ቁጣ፣ ወደ ስድብ፣ ወደ ውሸት ይወርዳል። «ማንም በባልንጀራው ላይ የሚነቅፈው ነገር ካለው ይቅር ተባባሉ» ይላል። ከዚያ ወደ ባልና ሚስት ቤት ይገባል። ላይ ያለው ማለት ክርስቶስ ነው፤ እሱን ያሰበ ሰው ሱቁንም ዘመዱንም በእሱ ዓይን ማየት ይጀምራል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እሑድ ንጋት ነው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቅጽሩን ሞልቶታል። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜያለሁ። በዚያ ሳምንት አንድ የአገልግሎት ባልንጀራዬ በሰው ፊት ክፉ ቃል ተናግሮኝ ነበር። ቅዳሴው ከተጀመረ አንስቶ መልስ እያዘጋጀሁለት ነው። እንዲህ ቢለኝ እንዲህ እለዋለሁ፣ እንዲያ ቢል በዚህ አፉን አስይዘዋለሁ። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» አሉ፤ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለት ነው። እኔም ከሕዝቡ ጋር ጮክ ብዬ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» አልኩ። በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን። ተናግሬ ሳልጨርስ ደነገጥኩ። እጄን ሳየው የነጠላዬን ጫፍ ጨምድጄ ይዣለሁ። ልቤ እግዚአብሔር ዘንድ አልነበረም፣ የዚያ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። በመቅደሱ ቆሜ ለእግዚአብሔር ውሸት መለስኩ።

ቆየት ብሎ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» አለ፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። ቀጥሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» አለ፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ስንቴ የሰማሁት ቃል ነው! ያን ቀን ግን እኔን የጠራኝ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን «ያን ሰውዬ አታስበው» አላለችኝም። ፊትህን መልስ፣ ወደዚህ እይ አለችኝ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክፉ ሐሳብን በዱላ ልናባርር እንሞክራለን። «አላስበውም» ስትዪ እኮ እያሰብሽው ነው። ጌታ በማቴዎስ 12 ላይ ርኩስ መንፈስ ስለወጣለት ሰው ሲናገር፣ መንፈሱ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን «ባዶ ሆኖ ተጠርጎ አጊጦም» እንዳገኘው ይነግረናል። ሰባት ሌሎችን አስከትሎ የገባውም ያኔ ነው። መጠረጉ ጥሩ ነበር። የቤቱ ችግር ባለቤት ማጣቱ ነው።

አሁን የግሸን ጉዞሽን አስቢ። አቀበቱን ስትወጪ እግርሽም ዓይንሽም ወደ ላይ ነው። አፍሽ «እግዚኦ» ይላል። ግማደ መስቀሉ ወዳረፈበት ሁለመናሽ ይሄዳል። ስልክሽ እንኳ ቦርሳ ውስጥ ነው። አልቅሰሽ ቢቀልሽ ምን ይገርማል? ቤቱ ተጠረገ። ደሴ መናኸሪያ ስትደርሺ ግን ስልኩ ተከፈተ፣ ያው ወሬ፣ ያው ፊት ገባበት። ያ ዕንባ የውሸት አልነበረም። የጎደለው፣ ከተራራው ስትወርጂ ልብሽ ሌላ የሚያየው ነገር አለማግኘቱ ነው።

ወሎ ስለሆንሽ በክራር ላስረዳሽ። ክራር በትዝታ ከተቃኘ፣ ግጥሙን ብትቀይሪለት ያው ትዝታ ነው የሚወጣው። ባቲ ለመምታት አውታሩ እንደገና መቃኘት አለበት። አንድ በአንድ፣ እየሰሙ፣ እያጠበቁና እያላሉ። ደግሞ ይረግባል፤ ዛሬ ቃኘሁት ተብሎ ለዓመት አይቀመጥም። ሐዋርያው በሮሜ 12 «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። «ራሳችሁን ለውጡ» እንዳላለም ልብ በዪ። የሚቃኝ ሌላ ነው፤ የእኛ ድርሻ በእጁ መሆን ነው።

ስለዚህ ጠዋት እጅሽ መጀመሪያ የሚነካው ስልክ አይሁን። ሌሊት ሳሎን ይደር። ስትነሺ አማትቢና አንድ መዝሙር ድገሚ። አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ አሥሩን መዝሙር በአንዴ ልድገም ብለሽ አትነሺ፤ በሳምንቱ ይሰለችሻል። መዝሙር 15ን በቃልሽ ያዢ። «ሁልጊዜ እግዚአብሔርን በፊቴ አየዋለሁ፤ በቀኜ ነውና አልታወክም» ይላል። «በፊቴ» የሚለውን ተመልከቺ። አሁን ፊትሽ ላይ ድቅን የሚለው ሌላ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ በስልኩ ፈንታ መቁጠሪያሽን አንሺ። ወሬ አትስሚ አልልሽም፤ ዘመድ ያለበትን አገር ማወቅ ያስፈልጋል። በቀን አንዴ ግን ይበቃል።

ያ ሰው ሲመጣብሽ ደግሞ አትታገይው። «አቤቱ፣ እኔንም እሱንም ማረን» በዪ። መጀመሪያ ላይ ከአፍ ብቻ ይወጣል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት። ቂሙም በዚያ እሑድ አለቀ አልልሽም፣ ወራት ፈጅቶብኛል። መቼ እንደለቀቀኝ ግን አላውቅም። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው ሰላም ብዬው አለፍኩ፤ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ነው ያስታወስኩት። ሙሴ 40 ቀን በእግዚአብሔር ፊት ቆይቶ ከሲና ሲወርድ ፊቱ ያበራ ነበር። እሱ ግን አላወቀም፤ ያዩት እነ አሮን ናቸው። «ያው ነኝ» ማለትሽን ስሰማ ይህ ትዝ አለኝ። ራስሽን በየሳምንቱ እየመረመርሽ ለውጥ አትፈልጊ። ያም መልሶ ራስን ማየት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጦርነቱ ያየሽው ነገር እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ሌሊት እየባነንሽ ላብ ካጠመቀሽ፣ ሐኪም ማማከር የእምነት ጉድለት አይደለም። ጸበሉን ያልተውሽውን ያህል ሐኪሙንም አትተዪ።

ደግሞ ስለ ሚዛኑ። ወደ ላይ ማየት የተወሰደብሽን እንዳልተወሰደ መቁጠር አይደለም። ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ብሏል። አንቺ «ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም» ነው ያልሺኝ። ታዲያ እንደወሰደው በምን አወቅሽ? ዘርፎት ይሆናል። ከዘራፊ አትርፎልሽም ይሆናል፤ ፊት ስትነሺው ደግሞ መመለሱን አፍሮ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዓመት ሌሊት ሌሊት የምትከራከሪው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ተጠይቆ አልመለሰም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ እሳቸው ሽማግሌ ይልካሉ፤ ወይም አብረውሽ ይሄዳሉ። ከዚያ ቁጭ በዪና ሚዛኔ እንዴት እዚህ መጣ ብለሽ ጠይቂው።