ሐዲዱ «ወደ ሰፊ ተቀየረ» ወይስ «በሰፊ ተተካ»?

ጥያቄ፦ «የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አሮጌ ሐዲድ ወደ ሰፊ ሐዲድ ተቀየረ» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጓደኛዬ «ተተካ» ነው የሚባለው ብሎ ሞገተኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ጥፋቱ ግን «ተቀየረ» ላይ አይደለም፤ «ወደ» ላይ ነው።

«ጎማ ቀየርኩ» ካሉ አሮጌው ወልቆ ሌላ ገብቷል። «ሳሎኑን ወደ ሱቅ ቀየርኩት» ካሉ ግን ክፍሉ ያው ነው፤ ሥራው ነው የተለወጠው። «ወደ» ስትገባ ያው ነገር ራሱ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

በትክክል «ወደ» የሚገባው ሐዲድ አለ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሐዲዱ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 5 ጫማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ፣ ከ18 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መስመር በሁለት ቀን ውስጥ ጠበበ። ሠራተኞቹ ከሁለቱ ብረቶች አንዱን ነቅለው ወደ ውስጥ 3 ኢንች አስጠጉት። በአዲሱ ቦታ ላይ የሚይዙት ሚስማሮች ብዙዎቹ አስቀድመው ተመትተው ነበር። ብረቱ ያው፣ ከሥር የተጋደመው እንጨትም ያው። ይህ ነው «ወደ ጠባብ ተቀየረ» የሚባለው።

የኛው ታሪክ ሌላ ነው። ዝርጋታው በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በ2016 የተመረቀው 1.435 ሜትር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ማጥበብ ይቀላል፣ ማስፋት ግን ጣጣው ብዙ ነው። ከሥር የሚጋደመው ያጥራል፣ ድልድዩ አይበቃም፣ ለትንሽ ባቡር የተጠመዘዘው መንገድ ለትልቁ አይመችም። ስለዚህ አዲሱ ለብቻው ተዘረጋ። ድሬዳዋ የሄደ ሰው ያየዋል፤ አሮጌው ጣቢያ መሀል ከተማ ነው፣ አዲሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው።

«አሮጌው ካልተነቀለ እንዴት ተተካ ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ይባላል። ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ሲተካ ሰውየው በሕይወት አለ፤ ሥራውን ነው ሌላ የያዘው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሰፊ» የሚለውም ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው የሚያስኬደው። 1.435 በዓለም ላይ መደበኛው ልክ ነው። ሰፊ የሚባለው እንደ ሩሲያ 1.520፣ እንደ ሕንድ 1.676 ሜትር ያለው ነው። እኔ ብሆን «በመደበኛ ስፋት ሐዲድ ተተካ» ብዬ እጽፍ ነበር።