ዕጢው ብቻ ይውጣልኝ ልበል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የድሬዳዋ ሳቢያን ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 52 ነው። ባጃጅ ገጭቶኝ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ስብራት የለም፤ ከደረቴ አጥንት ኋላ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ዕጢ ተገኘ። «ታይሞማ የሚባል የታይመስ ዕጢ ይመስላል፣ ገና አልተስፋፋም» ብለው አዲስ አበባ ላኩኝ። እዚያ ያለው ቀዶ ሐኪም ዕጢው የበቀለበትን ብልት፣ ታይመስን፣ በሙሉ አወጣለሁ ይላል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ስልኩ ላይ አንብቦ «አጎቴ፣ ታይመስ የወጣለት ሰው ቶሎ ይሞታል» አለኝ። ዕጢውን ብቻ አውጡልኝ ብል ምን አለበት?

መልስ፦ የእህትዎ ልጅ ወሬ አልፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ታይመሳቸው ከወጣ አዋቂዎች በአምስት ዓመት ውስጥ 8.1 ከመቶ ሲሞቱ፣ ታይመሳቸው ሳይነካ ሌላ የደረት ቀዶ ሕክምና ካደረጉት የሞቱት 2.8 ከመቶ ነበሩ። እኔም ደንግጫለሁ። እኛ የተማርነው ታይመስ የሰውነት መከላከያ ሴሎችን የማሠልጠን ሥራውን በልጅነት ጨርሶ ወደ ስብ የሚለወጥ ነገር ነው ተብለን ነው። ግን ያ ጥናት ዕጢ ያለበትን ታይመስ በከፊል (ዕጢውን ከጥቂት ዙሪያው ጋር ብቻ) ማውጣትን ከሙሉው ጋር አላወዳደረም። የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ እሱ ነው።

ይህን ያወዳደሩት የቻይና ሐኪሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙት። ዕጢው ሽፋኑን ሳያልፍ ከተያዘ (ደረጃ 1) በሁለቱም መንገድ የመመለሱ ነገር ያን ያህል አልተለያየም። ሽፋኑን ካለፈ (ደረጃ 2) ግን ከፊሉ ብቻ ከወጣላቸው በ14.5 ከመቶው፣ ሙሉው ከወጣላቸው በ2.9 ከመቶው ተመለሰ። ሽፋኑን በጥቂቱ ማለፉ የሚታወቀው ደግሞ ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ሲቲ ስካን አያሳየውም። ያኔ «የቀረውንም አውጡት» ቢሉ ደረትዎ ዳግም ሊከፈት ነው። ስለዚህ እኔ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ነኝ።

ይልቅ የሚያሳስበኝ አያያዙ ነው። የበሰለ ጊሽጣ ጨምቀው ያውቃሉ? ይፈነዳል፣ ፍሬው ይበተናል። ታይሞማም ሽፋኑ ከተቀደደ ሳንባ ዙሪያ ሊዘራ ይችላል። በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራም ይሁን ደረት ተከፍቶ፣ ሳይቀደድ በሙሉ መውጣቱ ከሁሉም ይበልጣል። ካሜራው ካስቸገረ ደረት መክፈት ነውር የለበትም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማታ ማታ የዓይን ቆብዎ ይወርዳል? አንዱን ሰው ሁለት አድርገው ያያሉ? ሲያኝኩ መንጋጋዎ ይደክማል? እኛ ድሬዎች ይህን የጫት ሐራራ ወይም የሙቀት ድካም ብለን እናልፈዋለን። ከሦስት የታይሞማ ሕመምተኞች አንዱ ገደማ ግን ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል የጡንቻ ድካም አለበት። ይህ ካለ ሙሉው ታይመስ ስለመውጣቱ ክርክር የለም፤ ሳይታወቅ ማደንዘዣ ከተሰጠ ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ መተንፈስ ሊያቅት ይችላል። ምልክት ባይኖርም የደሙ ምርመራ አስቀድሞ ይሠራ። እስከዚያ በራስዎ ሲፕሮ ወይም አዚትሮማይሲን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው እንዳይወስዱ፤ በሽታው ካለ ያባብሱታል።

ታይሞማ ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ረጅም ነው። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የፓቶሎጂውን (የማይክሮስኮፕ ምርመራውን) ወረቀት ተቀብለው ይምጡ፤ ሽፋኑ ደህና መሆኑና የተቆረጠው ጠርዝ ከዕጢ ንጹሕ መሆኑ እዚያ ላይ ነው የሚጻፈው። ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። የድሬን ምስጥ አላምንም።