ደንበኛው ሲያምታታ፣ ሲያስቅ፣ ሲቆጣ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ከሚውሉ ሠራተኞች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ካሸር ነኝ። አንድ ሰው ትንሽ ዕቃ ገዝቶ ትልቅ ኖት ሰጠኝ። መልሱን ከተቀበለ በኋላ «ዝርዝሩን ውሰጂና ድፍኑን ስጪኝ»፣ ወዲያው ደግሞ «ቆይ ቆይ፣ ይሄን ጨምሪበት» እያለ አዋከበኝ። ማታ ሂሳብ ስዘጋ 100 ጎደለ። ሰውየው ጨዋና ተጫዋች ነበር። የት ላይ እንደተሳሳትኩ እስካሁን አልገባኝም።

መልስ፦ መደመርና መቀነስ አላቃተዎትም። የገጠመዎት በብዙ አገር ካሸሮች ዘንድ የታወቀ ማምታቻ ነው፤ አንዴ ረጋ ብለው ካዩት ሁለተኛ አይያዙበትም።

ሰውየው 5 የሚያወጣ ዕቃ ይገዛና ባለ 100 ኖት ይሰጣል። ካሸሯ 95 ትመልስለታለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ «ዝርዝር አልፈልግም፣ ድፍን መቶ ስጪኝ» ይላል። ካሸሯ ድፍኗን 100 ታቀብለዋለች፣ እሱም የታጠፈ ዝርዝር ይሰጣታል። ስትቆጥረው 90 ነው። «10 ጎድሏል» ትለዋለች። እሱ ይህችን ነበር የሚጠብቃት። «ውይ ይቅርታ! ይኸው 10፤ አሁን 100 ሞላ አይደል? በይ ይቺንም መቶ ጨምሪበትና ባለ 200 ስጪኝ» ብሎ እጇ ላይ ያስቀምጣል። ካሸሯ ስትቆጥር 200 አለ፤ ባለ 200 ኖት ትሰጠዋለች። «ጨምሪበት» ያላት መቶ ግን ከደቂቃ በፊት ከራሷ መሳቢያ የወጣችው ናት። የእሱ ገንዘብ 100 ብቻ ነበር።

ስህተቱ የተፈጠረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ፣ የእሱ ዝርዝር ሳይቆጠር የእርስዎ ኖት ከእጅዎ ወጣ። ቀጥሎ፣ አንዱ ምንዛሪ ሳይዘጋ ሌላው ተደረበበት። ጨዋታውና ሳቁም ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ ሰው እያወራ በትክክል መቁጠር አይችልም።

መከላከያው እንዲህ ነው። የተቀበሉትን ኖት ወዲያው መሳቢያ ውስጥ አይክተቱ፤ መልሱ ተቆጥሮ ደንበኛው እስኪረከብ ድረስ መሳቢያው ውስጥ ካሉት ኖቶች በላይ በአግድም ይጋደም። ሲቀበሉም «ከመቶ» ብለው ድምፅዎን ያሰሙ። ይህች ልማድ «ሁለት መቶ ነበር የሰጠሁሽ» የሚለውንም ክርክር ትገላግልዎታለች፤ ኖቱ እዚያው ይታያላ። መልሱን ከሰጡ በኋላ መሳቢያውን ይዝጉ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ የምንዛሪ ጥያቄ አዲስ ሥራ ነው፤ የእሱ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይቆጠር፣ ልክ ሲሆን ብቻ የእርስዎ ይውጣ። መሀል ላይ ሐሳቡን ከለወጠ «መጀመሪያ ይሄን እንጨርስ» ይበሉ። ግር ካለዎት ደግሞ የእርስዎን ወደ እርስዎ፣ የእሱን ወደ እሱ መልሰው ከዜሮ ይጀምሩ። ያም ካልሆነ ኃላፊ ይጥሩና መሳቢያው ይቆጠር። እውነተኛ ደንበኛ ይጠብቃል፤ አምታቹ አብዛኛውን ጊዜ «ተዪው፣ እቸኩላለሁ» ብሎ ይሄዳል። ሌባ ብለው አይክሰሱ፤ ዝርዝሩን በድፍን መቀየር የፈለገ ቅን ሰውም ይኖራል፣ አሠራሩ ሁለቱንም ይይዛል።

ለቀጣሪዎችም አንድ ቃል አለን። እንዲህ ያለውን ጉድለት ሳይመረምሩ ከደመወዝ መቁረጥ ካሸሩ ጉድለቱን እንዲደብቅ ብቻ ነው የሚያስተምረው። ሰውየው በየትኛው ሰዓት እንደመጣና ምን እንዳለ በዚያው ቀን ካልተነገረ፣ ነገ በሌላኛው ሺፍት ላይ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ የማታ ሠራተኛ ነኝ። «መብራት የለም»፣ «ኤሲው ተበላሽቷል»፣ «ቁልፉ አይከፍትም» እየተባለ ሌሊት ይደወላል። ወጥተን ስናይ አብዛኛው ምንም አልሆነም። እንግዳው ያፍራል፣ እኔም ሳቄን መያዝ ያቅተኛል።

መልስ፦ ሦስቱም የታወቀ ምክንያት ስላላቸው ደረጃ ሳይወጡ በስልክ ሊፈቱ ይችላሉ።

መብራቱ፦ ብዙ ሆቴሎች ከበሩ ጎን ግድግዳ ላይ የካርድ ማስገቢያ አላቸው፤ ካርዱ ከሌለ የክፍሉ ኃይል ይቋረጣል። ያላየው እንግዳ ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ ሲነካካ ያመሻል። ኤሲው፦ የበረንዳው በር ወይም መስኮቱ ላይ ሲከፈት ማቀዝቀዣውን የሚያቆም ትንሽ መቆጣጠሪያ ሊኖር ይችላል። በሩ የተዘጋ እየመሰለ የጣት ስፋት ያህል ክፍት ከሆነ ኤሲው አይነሳም። እንግዳው ግን ሪሞቱን ወደ 16 ዲግሪ እያወረደ ይጠብቃል። ቁልፉ፦ ጥቁር መግነጢሳዊ መስመር ያለው ካርድ ማግኔት ካለው የስልክ ልባስ ጋር ሲቀመጥ መስመሩ ላይ ያለው መረጃ ሊጠፋ ይችላል። በርቀት የሚነበበው ባለ ቺፕ ካርድ ግን በማግኔት አይጠፋም። ቆይታውን ያራዘመ እንግዳ ካርዱ በድሮው የመልቀቂያ ሰዓት ላይ መሥራት ካቆመ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተራዝሞ ካርዱ ላይ አልተራዘመም ማለት ነው። አዲስ የተጻፈ ካርድም እምቢ ካለ የበሩን ቁልፍ ባትሪ ያስፈትሹ።

አነጋገሩ ላይ «ካርዱን አስገብተዋል?» አይበሉ። መልሱ «አዎ» ነው፣ ከዚያም ክርክር። «እባክዎ ካርዱን ከበሩ ጎን ካለው ማስገቢያ አውጥተው እንደገና እስከ ታች ይግፉት፤ መስመር ላይ ነኝ» ይበሉ። ያላስገባው ሰው ያኔ ያስገባል፣ መብራቱም ይመጣል፣ ማንም አላፈረም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ካርዱን ሲያስረክቡ ማስገቢያውንና የበረንዳውን በር ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ነው። ሳቅ በስልክ ይሰማል፤ ስልኩ እስኪዘጋ ይታገሡ።

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት ደንበኞችን በስልክ እረዳለሁ። «ሶኬቱ ተሰክቷል?» ስል «እኔን ምን ቆጠርከኝ!» ብለው ይጮሁብኛል። ግማሹ ደግሞ እውነትም አልሰኩትም።

መልስ፦ የእርስዎም ዘዴ ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው፦ ጥያቄውን ትተው ሥራ ይስጡ። «የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ 30 ሰከንድ እንቆጥራለን፤ ከዚያ ማከፋፈያውን ትተው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩት።» መጠበቁ ለማስመሰል አይደለም። ራውተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቶሎ ከተሰካ ተንጠልጥሎ የነበረው ሥራ ላይጸዳ ይችላል። ማከፋፈያውን መዝለልም ማብሪያው የጠፋ ማከፋፈያን ያለ ወቀሳ ያጋልጣል።

በመቀጠል የሚያዩትን ያስነግሯቸው፦ ስንት መብራት በርቷል? ቀለሙ ምንድን ነው? ቋሚ ነው ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ስሙን የማያውቁት ዕቃ ከሆነ «መብራት ያላት ትንሿ ሳጥን» ይበሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይስጡ፤ ሦስት ከደረደሩ መሀለኛዋ ትዘለላለች። «ምንም አልነካሁም» ለሚል ሰው «ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የተዛወረ ወይም የተጸዳ ነገር አለ?» የሚለው ይሠራል። መስመር ላይ ሲያቆዩ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይናገሩ፤ መፍትሔ ባያገኙም በሰዓቱ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ባሪስታ ነኝ። ካፑቺኖውን «ቀዝቅዟል» ብሎ ሦስቴ የሚመልስ ደንበኛ ምን ይደረግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ስኒውን ይዳስሱ። ወፍራም ቀዝቃዛ ስኒ ከወተቱ ሙቀት ብዙ ዲግሪ ይወስዳል፤ ፈልቶ በወጣ ውሃ ሞልተው ያቆዩትና ሊቀዱበት ሲሉ ይድፉት። ወተት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ጣፋጭ ነው። «በጣም ትኩስ» ላለ ሰው እስከ 70 ያድርሱለት፤ ከዚያ ካለፈ የተቀቀለ ወተት ይሸታል፣ አረፋውም ይፈርሳል። የተመለሰውን ወተት ደግመው አያሙቁ፣ አዲስ ይሥሩ። የት እንደሚቀመጥም ይዩ፤ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ከሆነ ጥፋቱ የወንበሩ ነው።

ጥያቄ፦ ካርዱ እምቢ ሲል ደንበኛው «ገንዘብ አለኝ! ማሽናችሁ ነው!» ብሎ ሰልፉን ሁሉ ያስቆማል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ካርድ የሚከለከልበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ማሽኑም ኮዱን ካወጣ ይነግርዎታል። 51 በቂ ሂሳብ የለም፣ 54 ካርዱ ጊዜው አልፏል፣ 55 የምስጢር ቁጥሩ ተሳስቷል፣ 91 የደንበኛው ባንክ ምላሽ እየሰጠ አይደለም፣ 05 ደግሞ ባንኩ ምክንያቱን ሳይገልጽ ከልክሏል ማለት ነው። 91 ከሆነ ጥቂት ጠብቆ መሞከር ዋጋ አለው። 55 ከሆነ ደንበኛው ረጋ ብሎ ያስገባ፤ ደጋግሞ ከተሳሳተ ካርዱ ሊዘጋበት ይችላል። 05 ላይ መደጋገም አይጠቅምም፣ መደወል ያለበት ካርዱን የሰጠው ባንክ ጋ ነው።

51 የሚለውን በጭራሽ ጮክ ብለው አያንብቡ። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «አልተቀበለውም፤ በሌላ መንገድ እንሞክር?» ማለት ይበቃል። ዕቃውን ጎን አድርገው ቀጣዩን ሰው ያስተናግዱ፤ የሰልፉ ዓይን ከላዩ ሲነሳ ጩኸቱም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አስተናጋጅ ነኝ። «ኦቾሎኒ አይስማማኝም» ያለች ደንበኛ ከጓደኛዋ ሳህን ኦቾሎኒ ያለበት ኬክ ስትቀምስ አየሁ። ከእንግዲህ እንዲህ የሚሉትን ማመን አለብኝ?

መልስ፦ ያምኗቸው፣ ሁልጊዜ። ኬኩ ውስጥ ኦቾሎኒ እንዳለ ላታውቅ ትችላለች፤ ስለዚህ ያኔውኑ ሄዶ መንገር ግዴታ ነው። ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ያ አንዱ በደቂቃዎች ውስጥ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል።

«የለበትም መሰለኝ» የሚባል መልስ የለም። ወይ የእሽጉን ጽሑፍ አንብበው፣ ወይ ያዘጋጀውን ሰው ጠይቀው ይመለሱ። ካልተረጋገጠ «ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ባይወስዱት ይሻላል» ይበሉ። ወጥ ቤት በቃል ብቻ አይንገሩ፣ ትእዛዙ ላይ ይጻፉት። ኦቾሎኒውን ከላይ ለቅሞ ማውጣት ምንም አይረዳም፣ ቅሪቱ ይበቃል። እጅ በሳሙና ይታጠብ (የእጅ ማጽጃ አልኮል አለርጂ የሚያመጣውን ነገር አያስወግድም)፣ ቢላዋና መክተፊያ ይቀየር፣ ኦቾሎኒ ያለበት ነገር የተጠበሰበት ዘይትም አይነካ። ደንበኛዋ ከንፈሯ ካበጠ፣ ድምፅዋ ከተለወጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገራት ወዲያው አምቡላንስ ይጠራ፤ የአድሬናሊን መርፌ ይዛ እንደሆነም ይጠይቋት።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ያለ ደረሰኝ ዕቃ መመለስ እንደማይቻል በትሕትና አስረዳለሁ። ደንበኛው ይጮሃል፣ ሥራ አስኪያጁ ይመጣና «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብሎ ገንዘቡን ይመልስለታል። እኔ ክፉ ሆኜ እቀራለሁ።

መልስ፦ ቅሬታዎ ትክክል ነው፣ ጥፋቱም የሥራ አስኪያጁ ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ከሚለው ጋር የሚቀራረበው «ደንበኛ ሁልጊዜ ልክ ነው» የሚል አባባል የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካውያኑ ነጋዴዎች ከነማርሻል ፊልድና ሃሪ ሴልፍሪጅ ትልልቅ መደብሮች ጋር ነው። የገዛ ሰው ጉድለቱን ራሱ ይቻለው በሚባልበት ዘመን የደንበኛን ቅሬታ አምኖ መቀበል ትልቅ ለውጥ ነበር። ሠራተኛን ለማዋረድ ፈቃድ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁን ሱቁ ባዶ ሲሆን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ እስከ ስንት ድረስ እርስዎ ራስዎ መወሰን እንደሚችሉ በጽሑፍ ይስጥዎ። ሁለተኛ፣ ሲጠራ ደንበኛው ፊት መጀመሪያ «ምን አማራጭ ሰጠሽው?» ይበልዎ፤ ደንቡን ማላላት ከፈለገም ገንዘቡ በእርስዎ እጅ ይመለስ። አለዚያ ደንበኛው የሚማረው ጩኸት ዋጋ እንዳለው ነው፤ በሚቀጥለው እርስዎን አልፎ በቀጥታ ወደ ጩኸቱ ይሄዳል።

የሚጮኸውን ሰው በተመለከተ፣ «ይረጋጉ» የሚለው ቃል እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ይጨርስ። ከዚያ ችግሩን በራስዎ አነጋገር ይድገሙለት፦ «ማክሰኞ ገዙት፣ ዛሬ ዚፑ ተበላሸ፣ ደረሰኙ ጠፋ።» ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ጎን ለጎን ይዩት፤ ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ዓይን አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ይሻላል። ድምፅዎ ከእሱ ዝቅ ይበል። ከዚያ በእውነት ሊሰጧቸው የሚችሉ ሁለት አማራጮች ያቅርቡ፦ በካርድ ከፍለው ከሆነ የባንክ መልእክቱ እንደ ማስረጃ ይታይ፣ ወይም ዕቃው በሌላ ይቀየር። «አይቻልም» ብቻውን ከቀረ በር እንደመዝጋት ይቆጠራል።

ስድብ ሲመጣ አንድ ጊዜ በግልጽ ያስጠንቅቁ፦ «ልረዳዎ እፈልጋለሁ፤ ስድቡ ከቀጠለ ግን አቆማለሁ።» ከቀጠለ ያቁሙና ኃላፊ ይጥሩ። ማስፈራራት ወይም እጅ መዘርጋት ካለ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም፤ ከጠረጴዛው ይራቁ፣ መውጫውን አይዝጉበት፣ ጥበቃ ይጥሩ። በዚያው ቀን ሰዓቱንና የተባለውን ቃል ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ሊዘጋ 5 ደቂቃ ሲቀረው የሚገባን ደንበኛ መመለስ ነውር ነው?

መልስ፦ በሩ ላይ የተጻፈው ሰዓት የመዝጊያ ከሆነ ይግባ፤ ግን ሲገባ ይነገረው፦ «እንኳን ደህና መጡ፤ ሂሳብ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይዘጋል።» መብራት እያጠፉና ወንበር እየገለበጡ ማባረሩ ግን አያምርም። ይህ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ቀጣሪው በሩ ላይ «የመጨረሻ ትእዛዝ» የሚል ከመዝጊያው 20 ወይም 30 ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት ይጻፍ፤ ከመዝጊያ በኋላ የሚያጸዱበትንም ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ይቁጠርልዎት።