ፈረሴ ግርግም እየነከሰ አየር ይስባል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጠባይ ናቸው። ፈረሱ ግርግሙን፣ የጋጡን በር ወይም የአጥሩን አግዳሚ በፊት ጥርሶቹ ይይዛል፤ አንገቱን አጥፎ ወደ ኋላ ይስባል፤ ከዚያ ከጉሮሮው የማቃሰት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንዳንዱ ምንም ሳይነክስ አየሩን ብቻ ይስባል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ፈረሴ ቀኑን ሙሉ የበሩን ጠርዝ ነክሶ ይስባል። አንዱ «ሥራ ፈትቶ ነው» ይለኛል፤ ሌላው «ክፉ ዐመል ነው፣ በጊዜ ግረፈው» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ በፈረስዎ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ሆዱ እንዴት እንደተሠራ እንይ። በመስክ በነፃነት የሚኖር ፈረስ ከቀንና ሌሊቱ እስከ 16 ሰዓት የሚሆነውን በግጦሽ ያሳልፋል፤ ጥቂት ይነጫል፣ ይራመዳል፣ ደግሞ ይነጫል። ጨጓራው ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ነው። ይህ ጨጓራ ምግብ ኖረበትም አልኖረበትም አሲድ ማመንጨቱን አያቋርጥም። አሲዱን የሚያለዝበው ምራቅ ደግሞ በብዛት የሚመጣው ፈረሱ ሲያኝክ ነው። እንግዲህ ጠዋትና ማታ እህል ተሰጥቶት፣ ድርቆሹ በሁለት ሰዓት ውስጥ አልቆበት፣ ቀሪውን ጊዜ ብቻውን የሚቆም ፈረስ ያስቡ።

ይህን ጠባይ ያወጡ ውርንጭሎች በመሣሪያ ሲመረመሩ፣ የጨጓራቸው ግድግዳ ከሌሎቹ ይልቅ የቆሰለና የተቆጣ ሆኖ ተገኝቷል። ሌላም ነገር አለ። አንጎል ራሱ የሚያመነጨውን የደስታና የሕመም ማስታገሻ ንጥረ ነገር ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ለነካሽ ፈረሶች ሲሰጥ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ድረስ መንከሱን ይተዋሉ ወይም በጣም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ድርጊቱ ለፈረሱ እፎይታ የሚሰጠው ይመስላል። አንዴ ከሰረጸ በኋላ መነሻው ቢወገድም የሚቀጥለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የዘር ድርሻም አለበት፤ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ አንድ ጥናት ከፈረሶች በአጠቃላይ 4.4 በመቶ ያህሉ፣ ለእሽቅድምድም ከሚረባው ከቶሮብሬድ ዝርያ ግን 13.3 በመቶው ይህ ጠባይ ነበረባቸው።

«ሥራ ፈትቶ ነው» ያለው ሰው ከፊል እውነት አለው። «ግረፈው» ያለውን ግን እባክዎ አይስሙት። ጭንቀት ያመጣውን ነገር በጭንቀት ማስቆም አይቻልም፤ ፈረሱ እርስዎ ሲመጡ ይተውና ዘወር ሲሉ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ አየሩን እየዋጠ ሆዱ ተነፍቶ ይሞትብኛል ብዬ እሰጋለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አየሩ ወደ ጨጓራ ይወርዳል የሚለው እምነት የቆየ ነው፤ ነገር ግን ፈረሶቹ ሲነክሱ በራጅ ተንቀሳቃሽ ምስል ሲታዩ፣ አየሩ የሚገባው ወደ ምግብ ቧንቧው የላይኛ ክፍል ሲሆን አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። የምንሰማው ድምፅም አየሩ በድንገት ሲገባ የሚፈጠር ነው።

ስጋትዎ ግን መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ይህ ጠባይ ባላቸው ፈረሶች ላይ የሆድ ቁርጠት ጎላ ብሎ ይታያል። በተለይ አንድ አደገኛ ዓይነት አለ፦ በጉበት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍተት ቀጭን አንጀት ሾልኮ ይገባና ይታነቃል። ይህ ያለ ቀዶ ጥገና አይድንም። ግንኙነቱ በጥናት ደጋግሞ ተረጋግጧል። ስለዚህ ፈረስዎ መብላት ካቆመ፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ካየ፣ መሬቱን በኮቴው ከጫረ፣ እየተኛ ከተንከባለለ ወይም ፋንድያው ከቀነሰ «ነገ ይሻለው ይሆናል» አይበሉ። ወዲያውኑ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ ሐኪሙ ሲመጣም ፈረሱ አየር የሚስብ መሆኑን ቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ፈረሴን የማሳድርበት ጋጥ ኃላፊ «ሌሎቹን ያስተምርብኛል፣ ለብቻው ይታሰር ወይም ይውጣ» ብለውኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ፈረሶች ይህን እርስ በርስ አይተው እንደሚማሩ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። በአንድ ጋጥ ብዙ ነካሾች ሲገኙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁሉም ምን እንደሚበሉና ስንት ሰዓት ተዘግተው እንደሚውሉ ነው፤ አንዳንዴም ከአንድ እናት ወይም ከአንድ ድንጉላ የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ለብቻው ቢያስሩት የሚጨምረው መንከሱ ነው። ኃላፊውን የሚያሳስባቸው የእንጨቱ መበላሸት ከሆነ ግን ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ እሱን በመሸፈን መፍታት ይቻላል፣ ከታች እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ በአንገቱ ላይ የሚታሰር ማገጃ ቀበቶ ገዝቼ አሰርኩለት፤ መንከሱን አቆመ። ለማጽዳት ባወላለቅኩት ቀን ግን ከበፊቱ የባሰ ሆነ። ምን ተፈጠረ?

መልስ፦ ያዩት ነገር በጥናትም የታየ ነው። ቀበቶው ፈረሱ አንገቱን ሲያጥፍ ጉሮሮው ላይ እየጫነ ድርጊቱን አስቸጋሪ ያደርግበታል፤ ፍላጎቱን ግን አያጠፋውም። ፍላጎቱ ተከማችቶ ይቆይና ቀበቶው ሲወልቅ ከወትሮው በላይ ይነክሳል። እሳቱን ሳያጠፉ ጭሱን ማፈን ማለት ነው።

እኔ ቀበቶውን እንደ መጀመሪያ መፍትሔ አልመክርም። የማልቃወመው ሁለት ጊዜ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ተበልተው ሣር መንጨት እስኪያቅተው ሲደርስ፣ ወይም ቁርጠት ተደጋግሞበት ሐኪሙ ሲያዝ። ያን ጊዜም ቢሆን አኗኗሩ አብሮ መለወጥ አለበት፤ ከቀበቶው ሥር ያለው ቆዳ በየቀኑ እየታየ፣ ከላላና ከጠበቀ እየተስተካከለ መሆን አለበት። ቁስል ካዩ ያውልቁት።

ሾህ ወይም ምስማር ያለበትን ቀበቶ፣ በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን ቀበቶ፣ በፊት ጥርሶች መሐል በድድ ውስጥ የሚገባውን የብረት ቀለበት ግን ማንም ቢመክርዎ እምቢ ይበሉ። ይህ ማሠቃየት ነው። አፍ የሚያመው ፈረስ ደግሞ ማኘክ ይቀንሳል፤ ያኔ ጨጓራው የሚያገኘው ምራቅም ያንሳል።

ቀዶ ጥገናም አለ። ስዊድናዊው ፎርሴል እ.ኤ.አ. በ1926 ካስተዋወቀው ዘዴ ተሻሽሎ ዛሬ የሚሠራው፣ በአንገቱ የታችኛ ክፍል ያሉ ጡንቻዎችን ማስወገድና አንድ ነርቭ መቁረጥ ነው። አንዳንድ ፈረሶች ይተዋሉ፣ አንዳንዶቹ ይመለሱበታል። አመጋገቡ ያልተስተካከለ ፈረስ ለዚህ ቢላ መቅረብ የለበትም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ በርበሬ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንጨቱ ላይ ብቀባስ?

መልስ፦ የተቃጠለ ዘይት መርዛማ ነው፤ ፈረሱ ይልሰዋል። በጭራሽ አይቀቡ። በርበሬው ዐይኑንና አፍንጫውን ያቃጥለዋል፤ እሱም ያልተቀባ ቦታ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሁሉንም አታድርግ አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከድርቆሹ ይጀምሩ። አንድ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ ድርቆሽ ወይም ሣር ማግኘት አለበት። 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ ማለት ነው። በዐይን አይገምቱ፤ አንድ ቀን በሚዛን ይለኩት። በእጅ ታቅፎ ብዙ የሚመስለው ድርቆሽ ሲመዘን አንሶ ሲገኝ ባለቤቶች ይገረማሉ። ከመጠኑ እኩል የሚያስፈልገው ቆይታው ነው። በየሰዓቱ ቆሞ ማደል አይቻልም፤ ስለዚህ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ውስጥ አድርገው፣ አንዱን በጋጡ አንድ ጥግ፣ ሌላውን በወዲያኛው ጥግ ይስቀሉለት። ትልቁን ድርሻ ለሌሊቱ ያስቀሩ፤ ረጅሙ ባዶ ሰዓት ሌሊት ነውና።

ቀጥሎ እህሉ። መንከሱ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ እህል ከተበላ በኋላ ነው፤ በተለይ ሞላሰስ የተቀላቀለበት ጣፋጭ መኖ ሲሰጠው። ፈረስዎ ከባድ ሥራ ካልሠራ እህል ላያስፈልገው ይችላል። የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ የጉልበቱን ከፊል ከአትክልት ዘይትና ስኳር ከሚጨመቅበት ሥር (ከሹገር ቢት) ተረፈ ምርት ሊያገኝ ይችላል። እህሉን ከፋፍለው በትንሽ በትንሹ፣ ድርቆሽ ካስቀደሙ በኋላ ይስጡት። የመኖ ለውጥ ሁሉ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀስ ተብሎ ይካሄድ፤ በአንድ ቀን መገልበጥ ራሱ ቁርጠት ያመጣል።

ሐኪሙ ጨጓራውን በመሣሪያ እንዲያይለት ይጠይቁ። ቁስል ካለ የጨጓራ አሲድ በሚቀንሰው ኦሜፕራዞል በተባለ መድኃኒት ይታከማል፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከቁስሉ ሲፈወስ መንከሱ የሚቀንስለት ፈረስ አለ፣ ባይቀንስም እንኳ ሕመሙ ቀርቶለታል።

ከዚያ ጓደኛና መስክ። ሌላ ፈረስ የሚነካበት፣ የሚተካከክበት፣ የሚሮጥበት ሰዓት ይኑረው። ጋጥ ውስጥ በሚቆይበት ጊዜም ቢያንስ ጎረቤቱን የሚያይበት መስኮት ይከፈትለት።

በመጨረሻም እንዲነክስ ይፍቀዱለት። እንጨቱን በወፍራም ጎማ ሸፍነው በደረቱ ቁመት አካባቢ አንድ ጠንካራ ቦታ ያዘጋጁለት፤ ጥርሱም ይተርፋል፣ አጥሩም ይተርፋል። ለዓመታት የኖረበት ፈረስ ጨርሶ ይተዋል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ቢቀንስ፣ ክብደቱን ቢይዝ፣ ቁርጠት ባይነካው ግን ተሳክቶልዎታል።

ጥያቄ፦ የእኔ አይነክስም፣ እንጨቱን ግን እየፈረፈረ ይበላዋል። ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። እሱ አየር አይስብም፤ እንጨቱን ያኝካል፣ አንዳንዴም ይውጣል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው የድርቆሽ እጥረትን ነው። ድርቆሹን ይጨምሩለት፤ ስንጥር አንጀቱን እንዳይወጋውና ጥርሱን እንዳይጎዳውም እንጨቱን ይከልሉ።

ጥያቄ፦ ባዝራዬ አየር ትስባለች፤ አሁን ውርንጭላ ወልዳለች። ልጇን ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች ደስ ያሰኘኝ ይህ ነው፤ ገና ሳይጀምር መከላከል የሚቻልበት ጊዜ ላይ ነዎት። 225 ውርንጭሎችን ለ4 ዓመት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ነበር። ከእነዚህ 10.5 በመቶው ነካሾች ሆኑ፤ የጀመሩበት መካከለኛ ዕድሜም 20 ሳምንት ገደማ ነበር፤ ጡት በሚጥሉበት ወራት አካባቢ ማለት ነው። ጡት ከጣሉ በኋላ እህል ነክ መኖ የተሰጣቸው ደግሞ ካልተሰጣቸው በ4 እጥፍ ያህል የበለጠ ጀምረዋል።

ስለዚህ ውርንጭላውን ከእናቱ በአንድ ቀን ነጥለው ጋጥ ውስጥ አይዝጉት። ከሚያውቃቸው እኩዮቹ ወይም ከአንዲት ረጋ ያለች ትልቅ ባዝራ ጋር፣ መስክ ላይ እንዳለ፣ ቀስ በቀስ ይለዩት። «ቶሎ ይደግ» ብለው እህል አያብዙበት። ጥሩ ሣርና ድርቆሽ፣ ሐኪሙ ካዘዘም የማዕድንና የቫይታሚን ድጋፍ ይበቃዋል። የእናቱ ዘር አብሮት እንዳለ አይርሱ፤ ለእሱ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት ፈረስ ይነክሳል መሰለኝ፤ ሻጩ ግን አይነክስም ይላል። እንዴት ላረጋግጥ? ቢነክስስ ልተወው?

መልስ፦ ከንፈሩን ገልጠው የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ጠርዝ ይመልከቱ፤ ነካሽ ከሆነ ጫፋቸው ከፊት በኩል ተበልቶ ያገኙታል። የአንገቱ የታችኛ ጡንቻ ወፍሮ፣ ከጆሮው ጀርባ ደግሞ የቀበቶ መስመር ወይም የተሸረፈ ፀጉር ሊኖር ይችላል። የጋጡን በርና ግርግምም ይዩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን እህል በልቶ ሲጨርስ ከራቅ ብለው ዝም ብለው ማየት ነው።

ቢነክስም ጤነኛ ከሆነ፣ ክብደቱ ጥሩ ከሆነና ጠባዩን ከወደዱት ይግዙት፤ በጣም ጥሩ ፈረሶች በዚህ ብቻ ሲናቁ ማየት ያሳዝነኛል። ቁርጠት ይዞት ያውቅ እንደሆነ፣ በቀዶ ጥገናም ታክሞ እንደሆነ ግን በግልጽ ይጠይቁ፤ ሐኪምም ያሳዩት። አንገቱ ላይ ቀበቶ ካዩ ለጥቂት ቀናት ወልቆ እንዲያዩት ይጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ቢነክስ አይደንግጡ፤ ትክክለኛው ልኩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው።