መልስ፦ አውቶቡስ ተጨምሮ ተሳፋሪው ለምን አልጨመረም?

ጠያቂያችን፣ አውቶቡሶች ከተጨመሩ በኋላም የተሳፋሪው ቁጥር ለምን ባለበት እንደቆመ ጠይቀዋል። ሰው የሚወስነው በአውቶቡሶቹ ብዛት ሳይሆን ስለ አገልግሎቱ በያዘው ግምት ነው። ፌርማታ ላይ ቆመው የሚጠብቁት አንድ ደቂቃ ከሚጓዙበት አንድ ደቂቃ ረዝሞ ይሰማል፤ በብዙ የትራንስፖርት ስሌቶች 2 እጥፍ ገደማ ተደርጎ ይያዛል። መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በየ10 ደቂቃው ይመጣል ተብሎ ሦስቱ ተከታትለው የሚደርሱበት መስመር፣ በየ20 ደቂቃው ሰዓቱን ጠብቆ ከሚመጣው የባሰ ሊጠላ ይችላል። በወረቀት ላይ ግን የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው!

ንጽሕናና የሠራተኞች ጠባይም ድርሻ አላቸው። የደኅንነት ስሜት ግን ለብቻው የሚታይ ነው፤ በምሽት ፌርማታ ላይ መቆም የምትፈራ ሴት የወንበሩ ምቾት እንድትሳፈር አያደርጋትም።

ሌላው፣ የዛሬውን የተሳፋሪ ቁጥር የእርካታ ምስክር አድርገው አይውሰዱት። አማራጭ የሌለው ሰው እየተማረረም ይሳፈራል፤ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት የገዛ ቀን ግን ተመልሶ አይመጣም። መጠይቅ የሚያዘጋጁ ከሆነ መሳፈር ያቆሙትን ፈልገው ይጠይቁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ብቻ የሚበተን መጠይቅ እነርሱን አያገኛቸውም።