«ካርዱን ይዤ ማንን ልምረጥ?»፦ ስለ አገር አቀፍ ምርጫ ጥያቄና መልስ

ስለ አገር አቀፍ ምርጫ ያላችሁን ጥያቄ እንድታቀርቡልኝ ጋብዤ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ደረሰኝ። አብዛኛው ዞሮ ዞሮ «ከተደረደሩት ዕጩዎች አንዱን ከሌላው በምን ልለየው?» የሚል ነው። ለማታውቁኝ፣ ለረጅም ዓመታት የሥነ ዜጋ ትምህርት አስተምሬያለሁ፤ በ1997 እና በ2013 ዓ.ም. ምርጫዎች ደግሞ በምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የየትኛውም ፓርቲ አባል ሆኜ አላውቅም። እገሌን ምረጡ የሚል ቃል ከእኔ አትሰሙም።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ሃያ ዓመቴ ነው፤ መርጬ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ሰባት ስምንት ስም ይኖራል ይባላል፤ አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ከየት ልጀምር?

ልጄ፣ ከሰዎቹ አትጀምር፤ ከሥራው ጀምር። የድንጋይ ግድግዳ ልታስገነባ ከሆነ አናጢ አትጠራም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሕግ ያወጣል፣ የፌዴራል መንግሥቱን በጀት ያጸድቃል፣ ሚኒስትሮችን ጠርቶ ይጠይቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚመረጠው ከእነዚሁ አባላት መካከል ነው። የሰፈርህ መንገድና የቀበሌህ ቦኖ ውኃ በአብዛኛው የከተማና የወረዳ አስተዳደር ሥራ ነው። ስለዚህ «ኮብልስቶን አነጥፍላችኋለሁ» እያለ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ወይ የሚወዳደርበትን ሥራ አያውቀውም፣ ወይ አንተ አታውቀውም ብሎ አስቧል። ሁለቱም ዕጩውን ለመመዘን ይጠቅሙሃል።

ሥራውን ካወቅህ በኋላ ስሞቹን አንድ በአንድ ያዝ። የምረጡኝ ቅስቀሳ ሲደረግ ሂድና ቆመህ ስማ። ከንግግሩ ይልቅ ጥያቄ ሲቀርብለት የሚሆነውን ተመልከት። ጥያቄውን ይመልሳል ወይስ ጠያቂውን ይቆጣል? ምክር ቤት ገብቶ የሚሠራው ሥራ ሌላውን መጠየቅና ራሱም ሲጠየቅ መመለስ ነውና፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአዲስ አበባ፦ እኔ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆን የምፈልገው የአንድ ፓርቲ መሪ አለ። በእኔ ምርጫ ክልል ግን ፓርቲው ያቀረበው ሰው ጭራሽ የማላውቀው፣ የሰማሁትም ነገር የማያስደስት ነው። መሪውን ብዬ ሰውየውን ልምረጥ?

ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

በአገራችን ሥርዓት የጠቅላይ ሚኒስትር ምርጫ የሚባል ወረቀት የለም። መሪው ራሱ በአንድ ምርጫ ክልል ቀርቦ እንደ ማንኛውም ዕጩ ይወዳደራል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት አስፈጻሚውን የሚያደራጀው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች ናቸው። እናም አንተ በዚያች ወረቀት ላይ በምታደርጋት አንዲት ምልክት ሁለት ነገር ትመርጣለህ፦ መንግሥት የሚመሠርተውን ፓርቲና ለአምስት ዓመት የሚወክልህን ሰው። ሁለቱን ለያይተህ ለመምረጥ መንገድ የለህም። የሚያስጨንቅህም ይኸው ነው፤ ጭንቀትህም ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው «የምመርጠው ፓርቲ ነው፤ ሰውየው ማንም ይሁን» ይላል። በንጉሡ ዘመን ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ሲካሄድ ፓርቲ አልነበረምና ሰው ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ግለሰቡን ብቻ ይመለከት ነበር። ዛሬ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደናል፤ ምልክቱን እንጂ ስሙን የማያነብ መራጭ ብዙ ነው። በቆጠራ ላይ በነበርሁበት ጣቢያ፣ ድምፅ ሰጥተው የወጡ ጎረቤቶቼን በማግሥቱ «የመረጣችሁት ሰው ስሙ ማን ይባላል?» ብዬ ስጠይቅ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ይህ አሁንም ያሳዝነኛል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውንና ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ልብ በል፣ «ለፓርቲያቸው» አይልም። በተግባር ግን አባላት ከፓርቲያቸው መስመር ወጥተው እጃቸውን ሲያወጡ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። እኔ ዕጩ ሳገኝ የምጠይቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፓርቲህ ያቀረበው ረቂቅ ሕግ የዚህን ምርጫ ክልል ሕዝብ የሚጎዳ ሆኖ ብታገኘው ምን ታደርጋለህ?» የሚጠበቅብህ ጀግንነት እንዲነግርህ አይደለም። «በመጀመሪያ በፓርቲው ውስጥ እከራከራለሁ፤ ካልተሰማሁ ድምፀ ተዓቅቦ አደርጋለሁ» ያለኝን ሰው አከብረዋለሁ፤ አስቦበታል ማለት ነውና። «እንዲህ ያለ ነገር ሊፈጠር አይችልም» ያለኝን ግን አልመርጠውም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በሰውየው ላይ የሰማኸው ነገር ስለ ባሕሪው ከሆነ፣ ማለትም ሐቀኝነቱን፣ የሰው ገንዘብ መብላቱን፣ በሥልጣን ሰውን ማንገላታቱን የሚመለከት ከሆነና እውነትነቱን ካረጋገጥህ፣ መሪውን ብለህ አትምረጠው። እንዲህ ያለውን ሰው ዕጩ አድርጎ ያቀረበው ያው ፓርቲ ነው፤ ይህም ስለ ፓርቲው የሚነግርህ ነገር አለ። ስሙን ስላላወቅኸው፣ አንደበተ ርቱዕ ስላልሆነ ወይም ወጣት ስለሆነ ብቻ ከሆነ ግን ፓርቲውን መዝነህ መምረጥህ ስህተት አይደለም።

ከዚያው ጠያቂ፦ የግል ተወዳዳሪስ?

የግል ተወዳዳሪ ብቻውን መንግሥት አይመሠርትም፤ መጠየቅና መከራከር ግን ይችላል። በ2013ቱ ምርጫ አራት የግል ዕጩዎች ምክር ቤት ገብተዋል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚሏችሁን አትስሙ። የግል ዕጩውን፣ ከኋላው ፓርቲ ስለሌለ፣ በራሱ አቋም ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁት።

ከደብረ ማርቆስ፦ እናቴ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እያሉ ሁልጊዜ ያለውን ነው የሚመርጡት። ምን ልበላቸው?

እናትህ ብዙ መንግሥት አይተዋል። ለውጥ ሲመጣ ከቤታቸው ምን እንደሚወስድ ከአንተ በላይ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ተረቱን አትናቅባቸው። ግን በእርጋታ «እማዬ፣ ያለውን ታውቂዋለሽ?» ብለህ ጠይቃቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ወክሏቸው የኖረው ሰው ስንት ጊዜ መጥቶ አነጋገራቸው? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ጥያቄ ሲመልሱ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ የእናንተ ተወካይ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጥያቄ አንሥቷል? ካነሣ ስለምን? የሚያውቁት ሰይጣን ተብሎ የሚመረጠው ሰው ብዙ ጊዜ የማያውቁት ሰው ሆኖ ይገኛል። በነገራችን ላይ ሕዝቡ አመኔታ ያጣበት ተወካይ ከምክር ቤት አባልነቱ ሊወገድ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ «በአንድ ቤት ሁለት ድምፅ አይሰጥም» ይለኛል። ልጣላው አልፈልግም።

እኅቴ፣ መጣላት አያስፈልግሽም። ድምፅ መስጫው ክፍል ውስጥ የምትገቢው ብቻሽን ነሽ። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፤ ታጥፎ ኮሮጆ ውስጥ ከገባ በኋላ የማን እንደሆነ እኔም አስፈጻሚ ሆኜ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም ነበር። ማንንም ብትመርጪ «ሆድ ይፍጀው» ብለሽ ዝም ማለት መብትሽ ነው። ካርድሽን ግን ለባለቤትሽም ቢሆን አሳልፈሽ አትስጪ።

ከጎንደር፦ እውነቱን እንነጋገር። ሰዉ የሚመርጠው የወንዙን ልጅ፣ ቋንቋውን የሚናገረውን፣ አብሮት የሚያስቀድሰውን ነው። ፕሮግራም የሚያነብ ማን አለ?

እውነት ነው፤ እኔም አልክድም። ይህን የሚያደርገውን ሰው ግን አላዋቂ አልለውም። የፓርቲ ፕሮግራም አንብቦ የመጨረስ ጊዜ የሌለው ገበሬ ወይም ነጋዴ፣ «ይህን ሰው ቤተሰቡን አውቃለሁ፤ ቢያጠፋ የምይዘው አላጣም» ብሎ ቢያስብ ምክንያት አለው። መተማመን ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው የወንዝ ልጅነቱ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መመዘኛ ሲሆን ነው። በአንድ ምርጫ ክልል ሦስቱም ዕጩዎች የወንዝህ ልጆች ቢሆኑ በምን ትለያቸዋለህ? ያን ጊዜ የምትጠይቀውን ጥያቄ አሁንም ጠይቅ። ዕድር ላይ ዳኛ ስንመርጥ እኮ ሁላችንም የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን፤ ሆኖም ገንዘቡን ማን በትክክል እንደሚይዝ፣ ሐዘን ሲደርስ ማን ቀድሞ እንደሚገኝ አንሳሳትም። ያ ብልሃት በእጃችን አለ፤ ለአገር ጉዳይ ስንደርስ ለምን እንደምንጥለው አይገባኝም። ደግሞም የምትመርጠው ሰው የሚያወጣው ሕግ ከወንዙ ማዶ ያለውንም ሰው ይገዛል።

ከአዳማ፦ የምወደው ፓርቲ ትንሽ ነው። ማሸነፍ እንደማይችል አውቃለሁ። ድምፄን ከማባክን ከሁለቱ ትልልቆች የሚሻለውን ብመርጥስ?

ይህን ለመመለስ አቆጣጠሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር በአንድ ምርጫ ክልል ከሌሎቹ አንድ ድምፅ የበለጠ ያሸንፋል፤ ግማሽ ማለፍ አይጠበቅበትም። ከመቶ መራጭ አንዱ 34፣ ሌሎቹ ሁለቱ 33 እና 33 ቢያገኙ መቀመጫውን ሙሉ በሙሉ የሚወስደው ባለ 34ቱ ነው። ስድሳ ስድስቱ ያልመረጡትን ሰው ተወካይ አድርገው ይቀበላሉ።

የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች ተመልከት። በ1997 ዓ.ም. ሁሉንም ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በጊዜው ገዢ የነበረው ኢሕአዴግ 22ቱን ሲወስድ ለተቃዋሚ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ያቺ ከተማ በአምስት ዓመት ውስጥ ሰዉ ሁሉ ሐሳቡን ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ አልቀየረም፤ በሁለቱም ጊዜ ለተሸናፊው የሰጡ ብዙ ሰዎች ነበሩ። በመካከሉ የተፈጠረው ብዙ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ አቆጣጠሩ ራሱ አሸናፊውን አግዝፎ ተሸናፊውን ያጠፋዋል።

እንግዲህ ስሌቱ በምርጫ ክልልህ ይወሰናል። በዚያ ሁለት ዕጩዎች ተቀራርበው ከሆነና አንዱ እንዲያሸንፍ ፈጽሞ የማትፈልገው ከሆነ፣ ሌላውን መምረጥህ ብልህነት ነው፤ ማንም አይወቅስህም። አንዱ በሰፊው እንደሚያሸንፍ ግልጽ ከሆነ ግን የምትወደውን ምረጥ። ያገኘው ድምፅ ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ዕጩውም፣ ተፎካካሪውም፣ ጎረቤትህም ያዩታል። እኔ ይህን ባከነ አልለውም።

ከጅማ ዙሪያ፦ አባቴ ማንበብ አይችሉም። ምልክት ብቻ ነው የሚያውቁት። እንዳይሳሳቱ እንዴት ልርዳቸው?

ምልክቱ የተቀመጠው ለእሳቸው ነው፤ ስለዚህ አይፈሩ በላቸው። ቀድመህ ቤት ውስጥ የዕጩዎቹን ምልክቶች አሳያቸው፤ የሚመርጡትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። አንዱን ብቻ ካሳየሃቸው አንተ መረጥህላቸው ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ በጣት አሻራ ምልክት ማድረግም ይቻላል፤ ከአንድ በላይ ዕጩ ላይ ምልክት ማድረግ ግን ወረቀቱን ዋጋ ያሳጣዋል። በሁለቱ መካከል ያረፈ አሻራ ሳይ አዝናለሁ፤ ሰውየው ያን ሁሉ ሰዓት ተሰልፎ ነበርና።

በ1997 ዓ.ም. ሰልፉ ከንጋት ጀምሮ እስከ ጨለማ አላለቀም ነበር። አንዲት አሮጊት ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እኔ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ንቧ የትኛዋ ናት? ሁለቱ ጣቶችስ የትኞቹ ናቸው?» አሉኝ፤ ንቧ የኢሕአዴግ፣ ሁለቱ ጣቶች የቅንጅት ምልክት ነበሩ። «እማማ፣ እኔ ልነግርዎ አልችልም» አልኋቸው። ፈገግ ብለው «እንዳትነግረኝ። አውቃቸዋለሁ። አንተን ልፈትን ብዬ ነው» አሉኝና ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንበብ የማይችል መራጭ አያውቅም የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ከባሌ፦ ዘይትና ስኳር ያከፋፈለ ዕጩ አለ። ተቀብዬ ሌላ ብመርጥ ኃጢአት ነው?

ድምፅን በስጦታ መግዛት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጥፋቱም በመጀመሪያ የሰጪው ነው። ባትቀበለው ይሻላል። ከተቀበልህ ግን በዘይቱ ምክንያት የገባህለት ቃል የለም።

ከሪያድ፦ እኔ እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ኤምባሲ ሄጄ መምረጥ እችላለሁ? እናቴም ስልክ ደውላ «አንቺ የተማርሽው ነሽ፤ ማንን ልምረጥ?» ትለኛለች።

እኅቴ፣ ከውጭ ሆኖ መምረጥ አሁን አይቻልም። ለመመዝገብ ዕድሜሽ 18 ዓመት የሞላ፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር የኖርሽ መሆን አለብሽ። በላብሽ ቤተሰብ እያስተዳደርሽ ድምፅ ማጣትሽ የሚያስቆጭ መሆኑ ይገባኛል።

እናትሽን በተመለከተ ስም አትንገሪያቸው። ከሪያድ የምታዪው በስልክሽ የሚደርስሽን ነው፤ የሰፈራቸውን ዕጩ በዓይናቸው የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ይልቅ «እማዬ፣ የትኞቹ ሰዎች መጥተው አነጋገሯችሁ? ምን አሉ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሲነግሩሽ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

ከአዲስ አበባ፦ በምርጫው ዋዜማ «እገሌ ራሱን ከውድድር አገለለ»፣ «እገሌ ታሰረ» የሚል ወሬ ይበዛል። ምን ይደረግ?

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት ጥቂት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ አይፈቀድም። ወሬ የሚፈላውም ዕጩው ወጥቶ ማስተባበል በማይችልበት በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ ውሳኔህን ከዚያ በፊት ጨርስ። በእነዚያ ቀናት የሚመጣ አዲስ ነገር ከምርጫ ቦርድ ካልተነገረ አትቀበለው።

ከነቀምት፦ ድምፄን ከሰጠሁ በኋላ መቆጠሩን በምን አውቃለሁ?

ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው በመረጥህበት ጣቢያ፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ነው። ሲያልቅ ውጤቱ ተጽፎ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። በማግሥቱ ጠዋት ሂድና አንብበው። የእያንዳንዱን ዕጩ ስምና ያገኘውን ድምፅ በደብተርህ ገልብጥ፤ ከጎረቤት ጣቢያ ዘመድ ካለህ የእነሱንም ጠይቅ። ቦርዱ የምርጫ ክልሉን ድምር ሲያሳውቅ ደብተርህን አውጥተህ የጣቢያህ ቁጥር እዚያ ድምር ውስጥ በትክክል መግባቱን ተመልከት። ቁጥሩ ካልገባ ለመጠየቅ በእጅህ የጻፍኸው አለህ።